የተዳፈነ እሳት

የታኅሣሥ ውርጭ ደባርቅ ላይ አይጣል ነው። እኔም ብርዱ ቢመረኝ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዛሁ። እናቴ ከዳባት በመጣች ማግስት ከሶኬቱ ነቀለችው። «ይሄ ገንዘብ ይበላል እንጂ ቤት አያሞቅም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ዘወትር ከመተኛቷ በፊት የማንደጃውን ፍም በአመድ ትዳፍነዋለች፤ ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጋ፣ አመዱን ገለጥ አድርጋ እፍ ስትልበት ያለ አንዲት ክብሪት ይቀጣጠላል።

አንድ ቀን ቀድሜያት ተነሳሁና፣ ባዶ አመድ መስሎኝ ከነፍሙ ጓሮ ደፋሁት። ጽዳት ሲያምረኝ እንዲህ ነኝ! እናቴ ግን አልተቆጣችም። «ክብሪትም የለን፤ እሳት ልጫር» ብላ ገል ይዛ ወጣች። የሄደችው በአጥር ምክንያት ዓመት ሙሉ ካኮረፍኳት ጎረቤቴ ቤት ነበር። ደሜ ፈላ። ስትመለስ ግን ፍሙን የያዘችው ጎረቤቴ ናት። ሦስታችንም እጃችንን ዘርግተን አንድ ማንደጃ ሞቅን።

ከሰዓት በኋላ የእናቴን ልብስ ላጥብ ስሰበስብ፣ ከመቀነቷ መሃል ክብሪት ዱብ አለ። አንስቼ ነቀነቅኩት፤ ሙሉ ነው።