ሽቦዬን የቆረጠው ወንድሜ

የበደለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የበደለኝም ጡረታ ወጥቼ ሞላሌ አጠገብ ወዳለው የአባታችን ቤት በተመለስኩ በሁለተኛው ክረምት ነው። ነገሩን እሱ በየቤቱ ሲያወራው ኖሯል። እኔ እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ።

በወጣትነቴ የቴሌግራም ሠራተኛ ነበርኩ። የቢሮው የሞርስ መምቻ ወደ ታች እየተጫኑ የሚለቁት ዓይነት ስለነበር የእጄን አንጓ ጨረሰው። ጡረታ ስወጣ የራሴን ሬዲዮ ገዝቼ፣ ፈቃድ አውጥቼ፣ ከቤቱ ክዳን እስከ ደጁ ጽድ የአንቴና ሽቦ ዘርግቼ፣ ሌላ ዓይነት መምቻ አሠራሁ። የብረት መጋዝ ምላጭ በጣውላ ላይ በጠርዙ ይቆማል፤ በግራና በቀኙ ብሎን አለ። ምላጩን በጣት ወደ ጎን ገፋ ሲያደርጉት ብሎኑን ይነካና ድምፅ ይሰጣል። ነካ አድርጎ መመለስ ነጥብ ነው፤ ጥቂት ማቆየት ሰረዝ። አንዱን በግራ ከመቱ ቀጣዩ በቀኝ ነው፤ የበግ ጠጉር ባና የሚሠራ ሸማኔ መወርወሪያውን እንደሚያመላልስ። አንጓ አያደክምም። ግን ምቱ ስለሚወዛወዝ የሁለት ሰው እጅ አንድ አይሆንም፤ መቺው ማን እንደሆነ ያሳብቃል።

በእጄ የሚያውቀኝ አንድ ሰው ነበር። በመርከብ ላይ ሬዲዮ ሲሠራ ያረጀ፣ ባሕር ማዶ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ። ድምፁን ሰምቼ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ገና መምታት ስጀምር፣ መጠሪያዬን ሳልጨርስ፣ «አንቺ ነሽ» ይለኛል። የምናወራው ስለ ዝናብ፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ወገብ ሕመም ነበር። በዚያ ቤት ከወንድሜ ሚስት በቀር የሚያናግረኝ አልነበረም፤ እሷም የምትመጣው ወንፊት ልትዋስ ነው።

ሰኔ ላይ ልቡን ሊቀደድ ሆስፒታል እንደሚገባ ነገረኝ። «ስወጣ መጀመሪያ የምጠራው አንቺን ነው» አለ። «እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካልሰማሽኝ የለሁም።»

ሐምሌ ሲገባ ሽቦዬ የታሰረበት ጽድ ሥር የቆመች አንዲት በግ መብረቅ ገደላት። ወንድሜ ጋቢውን ተከናንቦ መጣ።

«እታለም፣ ሽቦሽ መብረቅ ይጠራል እየተባለ ነው።»

«ማነው ያለው?»

«አገሩ ነዋ።»

«አገሩ ስም የለውም?»

«ከሰይጣን ጋር ትጠቃቀሳለችም ይላሉ።»

«ሰይጣኑ ምን ይለኛል አሉ?»

«‘እናንተ ጋ ዘነበ ወይ?’ ነው የሚላት ይላሉ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ውሸት አልነበረማ። ሽቦውን ግን አላወርድም አልኩት። እሱም እሺ ብሎ ሄደ።

በሳምንቱ ለለቅሶ መሐል ሜዳ ከተማ ሄጄ አደርኩ። ስመለስ ጉም ወርዶ ጽዱ እንኳ በደንብ አይታይም ነበር። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮውን ከፍቼ ጠራሁ፤ ከሹክሹክታ በቀር የሚሰማ የለም። የክረምቱ አየር ነው አልኩ። ፍልሰታ ገባ፣ ወጣ። ነሐሴ አለቀ። ሰውዬው እንደሞተ ቆጥሬ፣ ማንም ሳያውቅልኝ ነፍስ ይማር አልኩ።

ጳጉሜ ላይ ጉሙ ተገለጠ። በር ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ወፍ ከሽቦዬ ላይ ሣር ስትነቅል አየሁ። ቀርቤ አየሁት። ሽቦው ከክዳኑ ጫፍ ላይ ተቆርጦ፣ እስከ ጽዱ ድረስ በቦታው የተዘረጋው የጓሳ ሣር ገመድ ነበር። በደንብ የተገመደ፣ ውፍረቱም ልክ።

ወንድሜን አስጠራሁት። አልካደም።

«እንዳታዝኚብኝ ብዬ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ያው ነው። ደግሞ ራሴ ነኝ የገመድኩት፣ እታለም፤ ጠንካራ ነው።»

«በገመድ ይሰማል ብለህ ነው?»

«አንቺም እኮ ስትመቺ ነበር። እየሠራ መስሎኝ።»

ሽቦዬን የበጎቹን በረት መዝጊያ አስሮበት አገኘሁት። ፈትቼ መልሼ ዘረጋሁትና ቀኑን ሙሉ ጠራሁ፤ በማግስቱም፣ መስከረምን በሙሉም። ከሩቅ አገር ብዙ ሰው መለሰልኝ። እሱ አልመለሰም። ሞቶ ይሁን አላውቅም። ድኖ ወጥቶ፣ በጉሙ ወራት ሲጠራኝ ከርሞ፣ ዝም ስለው እኔን ሞታለች ብሎ ይሁንም አላውቅም። ይህን የሚነግረኝ ሰው የለም።

ወንድሜ ከመስቀል በኋላ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌዎችን አስከትሎ ደጄ መጣ። እንደ ደንቡ ይቅር ለእግዚአብሔር ብዬ ድንጋዩን ማስወረድ ነበረብኝ። ጎንበስ እንዳለ አየሁት። አንደኛው ሽማግሌ፣ «ኧረ እመቤት፣ አንገቱ ተቀጨ!» አሉ። በሩን ዘግቼ ገባሁ። ድንጋዩን ያወረዱለት እነሱ ናቸው።

በጥቅምት ዕቃዬን ጭኜ ወደ ዓለም ከተማ ወረድኩ፤ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ወንድሜ ልጁን ሲድር ጠርቶኝ ነበር። አልሄድኩም።