ገሠሠ ያስጠናው ቤት

አትላንታ አጠገብ ባለችው ስቶን ማውንቴን ውስጥ ገሠሠን የማያውቅ ሐበሻ ቢኖር፣ ገሠሠ ራሱ «ይሄ ሰው ምን ቢደብቅ ነው ያላወቀኝ?» ብሎ የሚጠረጥረው ነው። ይህን የምትለው ሚስቱ ወይንሸት ናት፤ ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራ እሷ ካልቀለደችበት ማን ይቀልድበታል? ሰውየው ክፉ እንዳይመስላችሁ። ዕድሜ ልኩን የኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ በማንም ላይ እጁን ያላነሳ ሰው ነው። ብቻ ዶራቪል ገበያ ሄዶ ቲማቲም ረክሶ ካገኘው «ለምን ረከሰ?» ብሎ ሻጩን ይመረምራል። መልሱ ካልጣመው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ጠባዩ ከሰማይ አልወረደም። በወጣትነቱ ካርቱም ስደት ላይ ሳለ፣ አንድ ፍራሽ የሚጋራው ጓደኛው «ወረቀትህን ስጠኝ፣ እኔ ላስጨርስልህ» ይለዋል። ገሠሠም አምኖ ሰጠው። ጓደኛ ተብዬው በገሠሠ ስም አውሮፓ ገባና ቁጭ አለ! ገሠሠ ሌላ ወረቀት እስኪወጣለት ዓመታት ፈጀበት። ከዚያ ወዲህ ሰው ፈገግ ሲልለት ኪሱን የሚዳብስ ሆነ።

ታዲያ አትላንታ ቤት ሲገዛ መጀመሪያ ያስገባው ዕቃ አልጋ አይደለም፤ የበር ካሜራ ነው። ካሜራው የጎረቤቱን ደጅ ጭምር ያያል። ጎረቤቱ ብቻዋን የምትኖር፣ ማታ ወጥታ ጠዋት የምትገባ ሴት ናት።

«ምን ሥራ ነው ሌሊት ሌሊት?» ይላል ገሠሠ።

«ነርስ ናት። ዩኒፎርሟን አታይም እንዴ?»

«ዩኒፎርም ማንም ይገዛል።»

አንዴማ ሴትዮዋ በዒድ ቀን ጣፋጭ በሰሃን ይዛ መጥታ በሩን ደወለች። ገሠሠ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን አውጥቶ፣ በካሜራው ድምፅ ማጉያ «ሰው የለም» አላት! ሴትዮዋ ካሜራውን አየት አድርጋ ሰሃኗን ይዛ ተመለሰች። ወይንሸት ከሥራ ስትመጣ ይህን ሰምታ እስከ ማግሥቱ አላናገረችውም።

እንዲህ ያለው ሰው አንድ ልጅ አለው፤ ሰሎሜ። አዋላጅ ነርስ ናት። ለሥራ እንግሊዝ አገር ሄዳ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለች አንዲት ጥንታዊ መንደር ውስጥ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። በቅርቡ ግን አከራይዋ «ቤቱን ለበጋ እንግዶች ስለምፈልገው ልቀቂ» አላት። እዚያው ቤት ካላገኘች የምትወደውን ሥራ ትታ መንደሩን መልቀቋ ነው። ወላጆቿም በዚህ ተጨንቀው ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በቪዲዮ ደወለች።

«አባዬ፣ ኦ ማይ ጋድ! የምገዛው ቤት አገኘሁ!»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ላይክ... ሦስት መቶ ምናምን።»

«ሦስት መቶ? ቤት ነው ሙዚየም?»

«ዱሮ የዓሣ አጥማጅ ቤት ነበር። ድንጋይ ነው፣ በጣም ነው የሚያምረው። ሂስቶሪክ ስለሆነ መስኮቱን እንኳን ሳታስፈቅድ መቀየር አትችልም።»

ገሠሠ ወደ ወይንሸት ዞረ። «ሰማሽ? የገዛ መስኮቷን ለመቀየር ታስፈቅዳለች! ታዲያ ቤቱ የማን ነው?»

«አባዬ፣ ፕሊስ! ባለቤቷ ሚስስ ኮል ናት። አርጅታለች፣ ደረጃው ከብዷት ነው የምትሸጠው። ሌሎችም ፈልገውት ነበር፤ እሷ ግን እኔን መረጠች።»

ገሠሠ በዚህ ጊዜ ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ ሁሉ ገዢ መካከል ልጁን መርጣ? በምን ዕዳዋ?  እንደ ካርቱሙ ጓደኛ ያለ ሰው ልጁን ሊበላት እንደሆነ ታየው።

መቼም በእኛ ዘንድ ልጅ ከመዳሩ በፊት ሰው ተልኮ ይጠናል። የሚጠየቀው ሙሽራው አይደለም፤ ጎረቤቱ፣ ባለሱቁ፣ የንስሐ አባቱ ነው። ገሠሠ ራሱ ወይንሸትን ሲያገባ ዘመዶቿ ሠፈሩ ድረስ ሰው ልከው አስጠንተውታል። ለትዳር የሚደረግ ለቤት የማይደረግበት ምክንያት አልታየውም። ለንደን ለሚኖረው የእህቱ ልጅ ለኃይሉ ደወለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም» አለው ኃይሉ።

«አንተ ዝም ብለህ ሂድ። ለሰሎሜ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትል።»

ኃይሉ አጎቱን እምቢ ማለት አይችልም። በእረፍቱ ቀን በባቡር ሄዶ ያቺን መንደር በእግሩ አካለላት። ባለሱቁን፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር ጠባቂ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ ያሉትን ሽማግሎች ጠየቀ። ሴትዮዋ ጠባይዋ እንዴት ነው? ቤቱ ውሃ ገብቶበት ያውቃል? ከማን ጋር ተጣልታለች? «አንተስ ማን ነህ?» ሲሉት፣ ውሸት የማይሆንለት ልጅ ስለሆነ፣ «አሜሪካ፣ አትላንታ ያለ ሰው ልኮኝ ነው» አለ።

«ጋሼ፣ ቤቱም ሴትዮዋም ንጹሕ ናቸው። ሁሉም በአንድ አፍ ነው የሚያመሰግኗት» ብሎ ሪፖርቱን አቀረበ።

«ሁሉም በአንድ አፍ? እንግዲያማ ተመካክረዋል!» አለ ገሠሠ።

አይ ገሠሠ! ሳምንቱ ሳያልቅ ሰሎሜ እያለቀሰች ደወለች። ሚስስ ኮል ቤቱን አልሸጥም ብላለች። መንደሩ ውስጥ ግማሹ ቤት በክረምት መብራት አይበራበትም፤ ከሩቅ ያሉ ባለሀብቶች ገዝተው ለበጋ ጎብኚ ብቻ ያከራዩታል። ሴትዮዋ ደግሞ ቤቷን በክረምት ለሚያሞቀው እንጂ ለሌላ ላትሸጥ ምላለች። ሰሎሜን የመረጠቻትም የመንደሩን ልጆች የምታዋልድ፣ እዚያው የምትኖር ስለሆነች ነበር። አሁን ግን አንድ አሜሪካዊ ከአትላንታ ሰላይ ልኮ ቤቱን አስጠና የሚል ወሬ ደረሳት። ሰሎሜ የባለሀብት ሽፋን ናት ብላ ደምድማለች።

«አባዬ፣ አትላንታ ውስጥ ማን ነው እንዲህ የሚጠላኝ?» አለች ሰሎሜ።

ወይንሸት ባሏን አየችው። 

«እኔ ነኝ» አለ ገሠሠ።

ሰሎሜ አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለው። «በወሩ መጨረሻ የምገባበት የለኝም፣ አባዬ» ብቻ አለችው። 

«ሴትዮዋን አገናኚኝ» አላት።

በማግሥቱ ጠዋት ሚስስ ኮል በስልኩ መስኮት ብቅ አሉ። ፀጉራቸው ነጭ፣ ከንፈራቸው ጥብቅ ያለ፣ ዓይናቸው ሰው የሚበረብር። ገሠሠ ያንን አስተያየት የት እንደሚያውቀው ለማስታወስ አልተቸገረም። ጠዋት ጠዋት ጢሙን ሲላጭ መስታወት ውስጥ ያየዋል።

«የየትኛው ኩባንያ ሰው ነዎት?» አሉት።

«ኩባንያ የለኝም፣ እመቤቴ። አባቷ ነኝ።»

«አባቷ ነኝ ማለት ማንም ይችላል።»

ወይንሸት ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች።

«መቼም እርስዎ እኔን አስጠንተዋል። አሁን ተራው የኔ ነው» አሉ ሴትዮዋ። «ጎረቤትዎ ማን ይባላሉ?»

ገሠሠ የመኪናዋን ታርጋ በቃሉ ያውቀዋል። የምትወጣበትን ሰዓት፣ የምትገባበትን ሰዓት ያውቃል። ስሟን ግን በአሥራ አንድ ዓመት ጉርብትና አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም።

«ስማቸውን አያውቁም?» የሴትዮዋ ቅንድብ ከፍ አለ። «እንግዲያው ይሂዱና ያገናኙኝ።»

ስልኩን ይዞ ወጣ። ሣሩን አቋርጦ፣ ከሥራ ገብታ ገና መኪናዋን ፓርክ ያደረገችው ጎረቤቱ ዘንድ ሄዶ በሯን ደወለ። ከበሩ በላይ ካለች ትንሽ ካሜራ የሴት ድምፅ መጣ።

«ሰው የለም።»

ገሠሠ «እባክሽ» አለ ወደ ካሜራው አንጋጦ። «የልጄ ጉዳይ ነው።»

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ሴትዮዋ ዩኒፎርሟን አልቀየረችም፤ ዓይኖቿ እንቅልፍ ያጡ ናቸው። ነገሩን ቆማ ሰማችው። ከዚያ ስልኩን ከእጁ ተቀበለች።

«ይህን ሰው ያውቁታል?» አሉ ሚስስ ኮል። «ቤት ገዝቶ ለእንግዳ የሚያከራይ ሰው ነው?»

«ይሄ?» አለች ጎረቤቱ። ገሠሠን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «ይሄ ሰውዬ በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን በሩን ከፍቶልኝ አያውቅም። ጣፋጭ ይዤለት ብሄድ ሰው የለም አለኝ። ቤትህን ሽጥልን እያሉ የሚዞሩ ሰዎች ሲመጡ ሣር የሚያጠጣበትን ጎማ ይዞ ነው የሚያባርራቸው። ለእንግዳ ያከራያል? ፖስተኛውን እንኳን የሚያናግረው በመስኮት ነው።»

 የሚስስ ኮል ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቅ ነበር።

«ልጅቷም እንደ አባቷ ናት?»

«እኔ እንጃ። አላስተዋወቀኝም።»

«ይበቃኛል» አሉ ሴትዮዋ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ ቤቴን ለጎብኚ አትሰጥም። ለሰሎሜ ንገሩልኝ፤ ቤቱ የሷ ነው።»

ወይንሸት ከደጃቸው ላይ እልል አለች። ገሠሠ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ደግሞም ብሎታል። ግን ልጁን ያዳናት ምስክርነት ፊቱን አቃጠለው። ጎረቤቱ ከተናገረችው ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረም።

«ስምሽን... ማን ልበል?» አላት።

«ናዲያ።»

«ናዲያ፣ ነይ ግቢ። ቤት ሰው አለ። ቁርስ አብረን እንብላ።»

ናዲያ ትንሽ አየችው። ኪሱን የሚዳብስ ሰው አስተያየት ነበር።

«ደክሞኛል» አለች። «ምናልባት ሌላ ቀን።»

በሩ ተዘጋ። ገሠሠ ደጇ ላይ እንደቆመ፣ ሰንሰለቱ ከውስጥ ሲገባ ሰማ። ድምፁን በደንብ ያውቀዋል፤ ከውጭ ሆኖ ሰምቶት ግን አያውቅም ነበር።