ከጎተራ ሥር ጠቁሮ የወጣው ጠገራ ብር

ብር ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ሁሴን ናቸው። ደብረ ታቦር ገበያው ዳር በነበረችው ጠባብ ሱቃቸው ሥራ የጀመርኩ ዕለት መዶሻ የሚያስይዙኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙረው ከኋላዬ ጠገራ ብር አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ ይጥሉ ጀመር። «የትኛው ነው ሐሰተኛው?» አሉኝ። ሁሉም ያው ነው አልኳቸው። «እንግዲያስ ጆሮህ እስኪከፈት ወናፍ ንፋ» አሉኝ።

እናቴ ነገሩን አልወደደችውም። ቅኔ ቤት የላከችው ልጇ ቀጥቃጭ መባሉ አሳፍሯት፣ የት ገባ ብለው ሲጠይቋት «ከተማ ነው» ብቻ ትል ነበር። እኔን ግን ሥራው ያዘኝ፤ ጆሮዬም ተከፈተ። ዛሬ ጠገራ ሲወድቅ ብሩን ከሌላው ለመለየት ዞሬ ማየት አያሻኝም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ትንሽ ለመኩራራትም ነው።

ከድምፁ ይልቅ የከበደኝ ብሩ የለበሰውን ነገር መለየት ነበር። ከምድጃ በላይ የኖረ ጠገራ ጥቀርሻ ይለብሳል፤ ይኼ ላምባ በነካ ጨርቅ ይለቃል። ከአንገት ወርዶ የማያውቅ ከሆነ ቅቤና አቧራ ተጋግረው ቡናማ ቅርፊት ይሠሩበታል፤ እሱን እንዶድና ሙቅ ውሃ ያወርደዋል። እርጥብ መሬት ውስጥ የከረመ ደግሞ አረንጓዴ ያወጣል። አረንጓዴው ከብሩ ጋር የተቀላቀለው ጥቂት መዳብ ነው፤ ሰው ግን ሲያየው ተታለልኩ ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል።

አንድ የገሳይ ሰው የወርቅ ጠገራ አገኘሁ ብሎ መጣ። አያቱ ወርቅ ያስቀቡት ብር ነበር። ስነግረው ሚዛኔን ተጠራጥሮ ሌላ ሱቅ ሄደ፤ እዚያም ያንኑ ነገሩት። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም አይለኝም።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የውዴን ነገር ነው። ጋሽ ሁሴን አርፈው ሱቁ የኔ ከሆነ ቆይቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ውዴ፣ የሟች እህቷ ባል ካሴና የንስሐ አባታቸው ቄስ አዱኛ ተከታትለው ገቡ። ውዴንም ካሴንም ከልጅነታቸው ጀምሮ አውቃቸዋለሁ።

የውዴ እህት ልትሞት ስትል የጠገራ ሐብሏን ለሴት ልጇ እንድታኖርላት ለውዴ አደራ ሰጥታት ነበር። ልጅቱንም ያሳደገቻት ውዴ ናት። አሁን ልጅቱ ልትዳር ስትል አደራው ቢወጣ፣ ከሰባቱ ጠገራ ስድስቱ ከሰል መስለው ተገኙ። አንዱ ብቻ ነጭ ነው።

«ይችን አንዷን ለማሳያ ትታልናለች» አለ ካሴ። «የቀሩትን ሸጣ ብረት ሰክታበታለች። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አደራ በላ ብያታለሁ። ጋሼ፣ ይጥረጉትና ይየው ሰው።»

ውዴ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። «እህቴ እንደሰጠችኝ ነው። እኔ አልነካሁትም» አለች። ነገሩ ከጸናባት ያሳደገቻት ልጅ ሠርግ ላይ እንዳትቆም ዘመድ ወስኗል።

«አልጠርግም» አልኩት።

«ምነው፣ ፈሩ እንዴ?»

«የሚነግረኝ ጥቁረቱ ነው። እሱን ካጠፋሁት ማንን ልጠይቅ ነው?»

«ተው ካሴ» አሉ ቄስ አዱኛ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።»

አንዱን በጉጠት አንስቼ ወደ ብርሃኑ ወጣሁ። ላምባ የነካ ጨርቅ ባሳርፍበት አልለቀቀም፤ ጥቀርሻ አይደለም ማለት ነው። ጠርዙ ላይ ሰማያዊና ሐምራዊ ይታይበታል፤ አንዳንድ ቦታ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል። መሐሉን ደግሞ የማሰሪያ አሻራ የሚመስል ሰፊ መስመር አቋርጦታል።

«ውዴ፣ እቴ፣ በምን ጠቅልለሽ ነው ያኖርሽው?»

«በመኪና የውስጥ ጎማ። ከጎተራው ሥር ስቀብረው እርጥበት እንዳይነካው ብዬ ነው። ያሰርኩትም በዚያው ጎማ ቅዳጅ ነው።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። የእኛ አገር ገበሬ ጎማን ያምናል፤ ውሃ አያስገባምና። ነገር ግን ጎማ ውስጥ ድኝ አለ፤ ድኝ ደግሞ ብርን ያጠቁራል። ለጠገራ ከጎማ የከፋ ማደሪያ አላውቅም። ስድስቱንም መዘንኳቸው፣ ድንጋይ ላይም ጣልኳቸው። ማንጠልጠያ ስለተበየደባቸው ድምፃቸው ትንሽ ቢታፈንም ብር ናቸው።

«ታዲያ ይች ነጯስ?» አሉ ቄስ አዱኛ ቀስ ብለው።

እኔም የተጠራጠርኩት እሷኑ ነበር። ሰባቱም ያደሩት አንድ ጎማ ውስጥ ነው። ማንጠልጠያዋን ክር የበላበትን ቦታ በአጉሊ መነጽር አሳየኋቸው፤ ቢጫ ነው። ናስ ናት፤ ላይዋን የኒኬል ቅብ አልብሰዋታል፤ ኒኬልን ደግሞ ድኝ እንደ ብር አያጠቁረውም።

ካሴ ብድግ አለ። «ይኸው፤ አንዷን ለውጣለች።»

«ተቀመጥ» አልኩት። ጠገራዎች አንገት ላይ ሲውሉ ጎን ለጎን ይፋተጋሉ። በክሩ ተራ ደረደርኳቸው። የናሷ ሁለት ጎን የተፋቀው፣ ግራና ቀኟ ያሉት ብሮች ከተፋቁበት ቦታ ጋር ልክ ገጠመ። እንዲህ ያለው መፋቅ በብዙ ዓመት የሚመጣ ነው፤ በጎማ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሐብል ደግሞ አይፋተግም። «ይች ናስ ሚስትህ ሐብሉን ስታጠልቀው ጀምሮ አብራ ነበረች። ውዴም የተቀበለችው እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ሐብሉን ያመጣው ማነው?»

ውዴ ታውቅ ነበር፤ መልሱን ግን ለካሴ ተወችለት። «አባቴ ናቸው» አለ። «ለጥሎሽ ከሐሙሲት ገበያ የገዙት ነው።» እስከዚያች ሰዓት ድረስ ተናድጄበት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አዘንኩለት።

ጎንበስ ብሎ የውዴን ጉልበት ሊስም ሲል በእጇ አቆመችው። «እዚህ አይዶለም ካሴ። የሰደብከኝ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አዱኛ ሰዉን አስቆሙት፤ ካሴም ይቅርታ ሊጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ወጣ። ውዴ ጥቂት አየችውና ድንጋዩን ከትከሻው አወረደችለት። ስድስቱን ብሮች ከዚያ ወዲያ ነው ያጸዳኋቸው። ናሷን ላውጣት ወይ ብላት «የአያቷ ስጦታ ናት፤ ትኑርላት» ስላለችኝ መልሼ ሰካኋት። ሐብሉን ለሙሽራይቱ ያጠለቀችላትም ውዴ ናት።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይኼ ነው፦ ሳታዩ አታጽዱ። ብር ይጠቁራል። አብሮ ከኖረው መሐል ያልጠቆረ ካገኛችሁ መጀመሪያ እሱን መርምሩ።