ወንድሜ ቀድሞኝ እንዳይገባ

ሊነጋጋ ሲል፣ ቦሌ አራብሳ

ከኮንዶሚኒየሙ ስንወጣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ታላቅ ወንድሜ ሰለሞን የዛሬ ዓመቱን የአንጎል ፊልሜን በትልቅ ፖስታ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ እኔ ከኋላ። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል ባይኔ አልዞረም። ፈርቻለሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ!

ለማታውቁኝ፦ ሲኤምሲ አካባቢ የሁለተኛ ክፍል ልጆች አስተምራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንጎሌ ውስጥ ዕጢ ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። አብዛኛው ወጣ፤ ለንግግር ከሚያስፈልገው ቦታ ጋር የተጣበቀው ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ኪኒኔን እየዋጥኩ አስተምራለሁ፣ ሠርግ ከተጠራሁ እጨፍራለሁ፣ ለከርሞ አቅዳለሁ። ደህና ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት ግን ጠመኔ በእጄ ይዤ ስሙ ጠፋኝ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ዛሬ የአዲሱ ኤምአርአይ ውጤት ይነገረኛል። አድጎ ይሆን?

ጎሮ

ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀምጠናል። መንገዱ ተቆፋፍሯል፤ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ከፊታችን ተገትሮ አላሳልፍ ብሏል። ጥግ ላይ አንዲት ሴት ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ሽታው ሌላ ቀን ቢሆን ከመኪና ያስወርደኝ ነበር፤ ዛሬ መስኮቱን ዘጋሁበት።

ሹፌሩ ፖስታውን አየት አደረገና "ማን ታሞባችሁ ነው?" አለ።

"እናታችን ናት፤ ወገቧን" አለ ሰለሞን፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

"እግዜር ይማርላችሁ።"

"አሜን" አልኩ እኔ። ምን ላድርግ!

ቤታችን እንዲህ ነው፤ የእናንተስ? ክፉ ወሬ ለባለቤቱ አይነገርም። ያኔ ዕጢው ሲገኝ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሲያውቅ፣ እኔና ደሴ ያለችው እናታችን ብቻ "ትንሽ የደም መርጋት ነው" ተባልን። አክስቶቼ ብርቱካን ይዘው እየመጡ በግድ ፈገግ ይላሉ፤ ደጅ ወጥተው ያለቅሳሉ። እውነቱን የሰማሁት በቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋት፣ የማውቅ ከመሰላት ነርስ ነው። እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ ዕጢው ሳይሆን ያ ፈገግታ ነው። ስለዚህ ትናንት ሰለሞንን አስምዬዋለሁ፦ እኔን ቀድሞ ሐኪሙ ጋ አይገባም።

ቦሌ

ቦሌ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ካፌ በረንዳ ላይ ሰዉ ማኪያቶውን ይዞ ይሳሳቃል። ቀናሁባቸው፣ እውነቴን ነው።

ክሊኒኩ ደርሰን ወረፋ ያዝን። መታጠቢያ ቤት ደርሼ ስመለስ፣ ሰለሞን ከሐኪሙ ክፍል ሲወጣ አየሁት። ክው አልኩ።

"ምን አልከው?"

"ኧረ ምንም! ሰላም ልለው ብዬ ነው።"

ስሜ ተጠርቶ ገባን። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ "እንኳን ደስ አለሽ፤ አላደገም" አለኝ።

እናንተ ብትሆኑ እልል ትሉ ነበር። እኔ ግን አላመንኩትም። ተነጋግረው ጨርሰዋል አልኩ በልቤ።

"ዶክተር፣ በሚወዱት ይዤዎታለሁ፤ ወንድሜ ምን አለዎት?"

ሰለሞን አንገቱን ደፋ። ሐኪሙ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየና፣ "ክፉ ከሆነ ለእሷ አትንገራት፣ ለእኔ ንገረኝ አለኝ። የአንቺን ጉዳይ የምነግረው ለአንቺ ነው ብዬ መለስኩት። ነይ፣ ራስሽ እዪው" አለ።

የዛሬ ዓመቱንና አዲሱን ምስል ጎን ለጎን አደረገልኝ። ባቄላ የምታክል ነጭ ነገር፣ በዚህኛውም በዚያኛውም ምስል ላይ። ዓይኔ እያየ ለካት፤ እኩል ናት። እንደገና እንዲለካት ለመንኩት፣ ለካት። የጠመኔው ነገርስ? ድካምም ኪኒኑም ሊያደርገው ይችላል፣ ከተደጋገመ ቶሎ ነይ አለ።

"ጠፍቷል አልልሽም። እየተከታተልን አብረሽው ትኖሪያለሽ።"

ይህን ሲለኝ ነው ያመንኩት። ደስ የሚል ብቻ ቢነግረኝ ኖሮ አላምነውም ነበር። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሰለሞንማ ከእኔ ብሶ ተንሰቀሰቀ።

መልስ፣ ገርጂ

"ሁለተኛ እንዳትደግማት!" አልኩት ታክሲ ውስጥ።

"ፈርቼ እኮ ነው።"

"እኔስ?"

ስልኩን አውጥቶ ደሴ ደወለና ድምፁን ለሁለታችን ከፈተው።

"እማዬ፣ አላደገም አሉን!"

እልልታ ጠበቅን።

"እስቲ ማልልኝ።"

"አንቺን ይንሳኝ!"

"ያኔም እንዲሁ ምለህልኝ ነበር። እሷን ስጠኝ።"

ስልኩን ተቀበልኩ። ምስሉን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ሁለቴ ነው የተለካው፣ እኩል ነው አልኳት። ትንፋሿ ይሰማኛል።

"ልጄ" አለች፣ "አድጎ ቢሆን ኖሮስ ትነግሪኝ ነበር?"

ሰለሞን ቀና ብሎ አየኝ።

"እንዴ እማዬ፣ እንዴታ!" አልኳት።

ዋሸኋት።