ቅጽር የገባው ውሻ

ውሻ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ከገባ በድንጋይ ይባረራል። ሶዶ ውስጥ ከልጅነቴ የማውቀው ሕግ ነው፤ ለምን ብሎ ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው የለም። ባለፈው ክረምት ይህ ሕግ እናቴን ሊገድልብኝ ነበር። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እናቴ፣ ከጉኑኖ መንገድ ገባ ብሎ ካለ ተራራ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የሚከበረው ንግሥ አያመልጣትም። ጉልበቷ ደክሟልና ዘንድሮ ቅሪ ብንላት "እናንተ ተኙ" ብላን በማለዳ ወጣች። የግቢያችን ቡናማ ውሻ ተከተላት። ድንጋይ እያነሳች ብትመልሰውም እምቢ ማለቱን ጎረቤት ነገረን።

ከቀትር በኋላ ጭጋግ ተራራውን ዋጠው፤ በረዶም ወረደ። ለንግሥ የወጣው ሰው እየወረደ ሲገባ እናቴ የለችም። ስልኳም አይሠራም። ታናሽ ወንድሜን ይዤ ወጣሁ። መንገዱ በበረዶ ነጥቷል፤ ፊት ለፊቴ ያለውን ዛፍ እንኳ የማየው ስጋጨው ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ ቆሟል። ብቻዋን የቀረች አሮጊት ሴት አይተህ እንደሆነ ብዬ ጠየቅሁት።

"ሴት እንኳ አላየሁም" አለኝ። "አንድ የተረገመ ውሻ ነው ያስቸገረን። ስናባርረው ተመልሶ ይገባል፤ የሰው ቀሚስ እየነከሰ ይጎትታል። ጎረምሶቹ ደህና አድርገው ቀጥቅጠውታል።"

"ምን ዓይነት ውሻ?"

"ቡናማ።"

አንገቱን ማነቅ አማረኝ። ይህ ውሻ ምን ፈልጎ ነው የሰው ቀሚስ የሚጎትተው ብሎ የሚያስብ አንድ ሰው ይጥፋ? ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ጠበል ጸዲቅ ቀምሶ ከሚወርደው ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አንድ? ውሻ በበላበት ይጮሃል ይላሉ። ጮኸላቸው፤ እነሱ ድንጋይ ለቀሙ።

ውሻውን ከአጥሩ ውጭ ባሕር ዛፍ ሥር ተኝቶ አገኘነው። አንድ ዓይኑ በደም ተደፍኗል፤ የኋላ እግሩን አይረግጥም። ሲያየን ተነሥቶ እያነከሰ ቁልቁል ሄደ፤ ተከተልነው። እናቴ ከሰው ቀድማ መውረድ ጀምራ ጭጋጉ ውስጥ መንገድ ስታ፣ ጎርፍ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ ነበር። እግሯ ተሰብሯል፤ ነጠላዋ ረጥቦ ከንፈሯ ጠቁሯል። ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ በጥሪ ርቀት ነው።

ጥበቃውና ሌሎች ሰዎች ቃሬዛ ሠርተው ተሸክመው አወረዷት፤ ይህን አልክድም። ግን ገና መንገድ ላይ ሳለን አንዱ "ታቦቱ ነው ያተረፋቸው፤ ስለት አግቡ" አለኝ። ዝም በል አልኩት። እናቴ ባትሰማኝ ኖሮ ከዚያ የባሰ እናገረው ነበር።

ሆስፒታል እግሯ በጀሶ ታስሮ ተኝታ ሳለች ውሻው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዓይኑ እንደጠፋ ነገርኳት፤ ማን እንደመታው፣ የትና ለምን እንደመታውም አልደበቅኋትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"እየሄደ ይመለስና ላዬ ላይ ይተኛል፤ ያሞቀኛል። ከዚያ ደግሞ ይሄዳል" አለችኝ። "ጩኸቱን ከጉድጓዱ ሆኜ እሰማው ነበር። በጮኸ ቁጥር ተመስገን፣ ሰው አገኘልኝ እል ነበር።"