ለእናቴ አምባር የገዛሁት ሚዛን

ቂም ይዣለሁ። ቂመኛ ሲባል የሚያፍር ሰው አለ፤ እኔ አላፍርም። እናቴን በሰው ፊት ያዋረደብኝን ወርቅ ሰሪ ሳስብ እስከ ዛሬ ጥርሴን አፋጫለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ብላ ከጥንድ አምባሮቿ አንዱን ልትሸጥለት ሄደች። እያንዳንዳቸው ሃያ ግራም እንደሆኑ ከተዳረችበት ቀን ጀምሮ ታውቃለች። እሱ ሚዛኑ ላይ ጣል አደረገና አስራ ስምንት ነው አላት። ሃያ ነው ብላ ስትከራከረው፣ ሱቁ ውስጥ ለነበሩት ሁሉ እንዲሰማ፣ «ማዘር፣ እርጅና ነው። ልጆችዎ ብቻዎን ባይልኩዎት ይሻላል» አለ። ሰዉ ሳቀ። እሷም በአስራ ስምንት ሂሳብ ሸጣለት ተመለሰች።

ሳቁ ቤታችን ድረስ ገባ። ወንድሞቼ «እውነትም ሰሞኑን ትረሳለች» ተባባሉና የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከእጇ ወሰዱ። እሷም ራሷን መጠርጠር ጀመረች። አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፈች ቀና ብላ፣ «ልጄ፣ ጭንቅላቴ ከድቶኛል መሰለኝ» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ወርቁ ጥርግ ይበል! የእናቴን ልብ ግን የሰረቀ ሰው በሰላም አያድርም ብዬ ማልኩ።

ሁለተኛው አምባር እጇ ላይ ነበር። የጎደለኝ የማይዋሽ ሚዛን ብቻ ነው። የወርቅ ቤቶቹ ዓይነት፣ በመስታወት የተከደነው፣ በመምህር ደመወዝ አይሞከርም። የወጥ ቤቱ ደግሞ ለዱቄት እንጂ ለወርቅ አይሆንም፤ ከነጥብ በኋላ ያለውን አያሳይም። ታይዋን የሚባለው ገበያችን ገብቼ ሬዲዮና ቻርጀር ከሚሸጥ ሱቅ በኪስ የሚያዙትን ትንንሾቹን አስደረደርኩ።

«ወላሂ እህቴ፣ ይሄ ራሱ የጀርመን ነው» አለኝ ባለሱቁ፣ የቻይና ጽሑፍ ያለበትን ካርቶን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ።

ከላይ ቬንትሌተሩ እየዞረ ቁጥሩ አልቆም አለ።

«አጥፋው» አልኩት።

«በዚህ ሙቀት? አቦ ልትገድይኝ ነው እንዴ?»

«አጥፋው አልኩህ!»

አጠፋው፤ ላቡን እየጠረገ ቆመ። ሳይንስ ነው የማስተምረው፣ በቀላሉ አልሸወድም። ጣቴ ላይ ያለውን ቀለበት መሃል ላይ አስቀምጬ አየሁ፣ ጠርዝ ላይ አስቀምጬ አየሁ። የሚያብረቀርቀው ሚዛን የቀለበቱን ቦታ በቀየርኩ ቁጥር ሐሳቡን ይቀይራል። ሌላው ቀለበቱን ሳነሳለት ወደ ዜሮ አልመለስ አለ። ከዚያ የያዝኩትን ሲሪንጅ አወጣሁና አስር ሚሊ ውሃ፣ ክብደቱን አስቀድሜ ዜሮ ባስደረግኩት ሰፊ የጠርሙስ ክዳን ውስጥ ጨመርኩ፤ አስር ሚሊ ውሃ አስር ግራም ነው። በትክክል አስር ያለልኝ ከሁሉም መልከ ጥፉው ጥቁሩ ነበር። ዋጋውም ኪሴን አልጎዳውም።

ማታውኑ የእናቴን እጅ በሳሙና አሟልጬ አምባሩን አወለቅኩ። ሃያ! ለወንድሞቼ አሳየኋቸው። «ይሄኛው ሃያ ስለሆነ ያኛውም ሃያ ነበር ማለት ነው?» አሉኝ። እናቴ የእነሱን አፍ አየች እንጂ ሚዛኑን አላየችም። ያኔ ገባኝ፤ ቃሉ ከራሱ ከሌባው አፍ መውጣት አለበት።

በማግስቱ አምባሩን የምሸጥ መስዬ ሱቁ ገባሁ። ሁለት ሚዛን ጠረጴዛው ላይ አለ። ሙሽራ ይዘው የመጡ ሴቶች በአንደኛው የሚገዙትን የአንገት ሐብል እያስመዘኑ ነበር። የእኔን በሌላኛው መዘነና «አስራ ስምንት» አለ። ጥቁሩን ሚዛኔን አጠገቡ አስቀመጥኩና አምባሩን ጫንኩበት። ሃያ።

«መጫወቻ ነው ይዘሽ የመጣሽው» ብሎ ሳቀ።

«እሺ፣ ውሃ አይዋሽም» አልኩና ሲሪንጄን አወጣሁ። አስር ሚሊው በእኔ ላይ አስር፣ እሱ በሚገዛበት ሚዛን ላይ ዘጠኝ ሆነ።

«ባትሪው ደክሞ ነው» አለ።

«ሲደክም ሁልጊዜ ወደ አንተ ነው እንዴ የሚያደላው?»

ውሃውን በሚሸጥበት ላይ አዞርኩት፤ አስር ተኩል። የሙሽራዋ አክስት «ወይኔ ጉዴ! የኛን በዚህ ነው የመዘነው!» ብላ ጮኸች። መንገደኛው ሁሉ በሩ ላይ ተሰበሰበ። እውነቱን ልናገር፣ ሰውዬው ሚዛኖቹን በጨርቅ ሊሸፍን ሲጣደፍ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የጎደለውን ልክፈልሽ አለ። ብሩንማ እቀበላለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም። «ግን አሁኑኑ ቤታችን መጥተህ ያደረግከውን ለእናቴ በአፍህ ትነግራታለህ፤ አለበለዚያ ከነሚዛንህ ፖሊስ ጣቢያ ነን» አልኩት። ባጃጅ ላይ ጭኜ ሳቢያን ሰፈር፣ ቤታችን ወሰድኩት። ወንድሞቼንም በስልክ ጠራኋቸው።

ጫማውን አውልቆ ገባ። ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ፣ «ማዘር፣ አምባርዎ ሃያ ግራም ነበር። ሚዛኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እርስዎ አልተሳሳቱም» አለ።

እናቴ ፈገግ ብላ አየችው።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?» አለችው። «የምን አምባር ነው?»

ወንድሞቼ አንገታቸውን ደፉ። አጭበርብሯታል፤ እሷም በእርግጥ እየረሳች ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው። ሰውዬው ግን ትንፋሹን ለቀቀ። ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ፤ አንድ እግሩን ጫማው ውስጥ ሊከት ሲል በሩን ዘጋሁበት።

«ተቀመጥ» አልኩት። «ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገራት። ነገ ከረሳች፣ ነገም ትመጣለህ።»