ቆጮ የሚበላ አይታመምም

ልጅ ሳለሁ፣ ቡታጅራ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ተረት ይመጣ ነበር። ያኔ የአባቴ ታላቅ ወንድም አባባ ደምሴ ከአናጢነት ሥራቸው ተመልሰው፣ እራት ከበሰለበት ፍም ዳር በርጩማቸውን ይስቡና፣ ኩራዙ ጥላቸውን ግድግዳው ላይ አግዝፎት፣ እኛ ልጆቹ ጭሱ እያስነጠሰን እንከባቸው ነበር። ተረት ሲያወሩ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ይህን የምለው ሳልወድ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ምትኩ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ አንድ ነገር ሆነ፤ ምን እንደሆነ እሱም አያውቀው። ሌሊት ዓይኑ አይከደንም፣ ቀን ክፍል ውስጥ ዴስኩ ላይ ይደፋል። ኳስ ተወ፣ ጓደኞቹን ሸሸ፣ ደብተሩን ገልጦ አንዱን ገጽ ብቻ ሲያይ ይመሽበታል። ካርዱ ሲመጣ ያ አንደኛ ይወጣ የነበረ ልጅ ከመጨረሻዎቹ ጋር ተገኘ። እናቴ ጸሎት ያዘች፣ አባቴ ቀበቶውን ፈታ። አባባ ደምሴ ደግሞ ተረት አወጡ፤ ለእኔ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው።

ተረቱ እርሻ መሀል ተጋድሞ «አሞኛል» ስላለ በሬ ነበር። ጌታው አዝኖ ሣር ያቀርብለታል፤ በሬው ሣሩን ጥርግ አድርጎ በልቶ ተመልሶ ይጋደማል። በመጨረሻ ጌታው ቢላዋ ሲስል ቢያይ ዘሎ ተነስቶ ሲያርስ ዋለ። አባባ የበሬውን ማቃሰት ሲያስመስሉ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ማንም ስም አይጠራም፤ ዓይን ሁሉ ግን ምትኩ ላይ ያርፋል።

አንድ ምሽት ምትኩ ዓይኑን ከፍሙ ሳያነሳ፣ «አባባ፣ በሬው የእውነት ታሞ ቢሆንስ?» አለ።

«የታመመማ አይበላም! አንተ ቆጮህን ጥርግ አድርገህ በልተህ የለ እንዴ?»

ሳቁ ቀጠለ። በእኛ አገር ሕመም የሚለካው በገበታ ነው፤ የሚበላ ሰው ደህና ነው። ትምህርት እምቢ ያለውን ልጅ ደግሞ መርካቶ ያለ የዘመድ ሱቅ ያቃናዋል ይባላል። መስቀልን ሊውሉ የመጡ ዘመዶቻችን ሲመለሱ ምትኩን ይዘውት ሄዱ። ሱቁም አላቃናውም። ከዓመታት በኋላ ጎብጦ፣ ድምፁም ቀንሶ ተመለሰ፤ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ያ ሁሉ አእምሮ! እስካሁን ያንገበግበኛል።

አምና የአባባ ደምሴ ባለቤት ሲሞቱ አባባ እንቅልፍ አጡ፣ ሰው ጠሉ። እህል ግን አልጠሉም። ያም ሆኖ ቤተሰቡ በሙሉ ወዲያው «ታመዋል» አለ፤ የሳቀም የለ። ወልቂጤ ድረስ ሐኪም ዘንድ የወሰዳቸው ምትኩ ነው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። መድኃኒቱን ተቀብለን ስንመለስ፣ አባባ መኪና ውስጥ የምትኩን ጉልበት መታ መታ አድርገው፣ «ጎበዝ ነበርክ እኮ ልጄ። ትንሽ ብትበረታ ኖሮ ዛሬ የምታክመኝ አንተ ነበርክ» አሉት።

ምትኩ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከለላቸውና፣ «እሺ አባባ» አለ።

ከእነዚያ ምሽቶች ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። ይህ «እሺ» ግን ከጆሮዬ አልወጣም።